ምናገባችሁ እና አሥራ አንዱ ቅሎች

ተረት ተረት! አዎ፣ «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ አውቄባችኋለሁ። የዛሬው ተረቴ ግን በረት የለውም፤ ውሃ ነው ያለው። ጠጋ በሉና አዳምጡ። የሚንሾካሾክ ካለ ከአሁኑ ይውጣ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት እንደ ሰው ሲናገሩ፣ ሰውም ሳይገረም መልስ ሲሰጣቸው፣ ስሙን በማላውቀው አገር አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበር። ከሐይቁ ዳር አያ ሽባባው የሚባል ባለታንኳ ይኖራል። ታንኳውን ከደንገል ራሱ ያስራታል፤ ሰውና እህል ከዳር ወደ ዳር ያሻግርባታል። ክንዱ ብርቱ፣ ልቡ ለስላሳ ነው። አንድ ነገር ብቻ አይሆንለትም፤ «እምቢ» ማለት አይችልም። «አያ ሽባባው፣ እግረ መንገድህን ይቺን አድርስልኝ» ካሉት፣ ታንኳው ሊሰጥም ቢደርስ እንኳ «ምን ገዶኝ» ይላል። ይሉኝታ እንዲህ አድርጎ ነው የያዘው። ትስቃላችሁ አይደል? እስቲ እዚህ መሀል ይሉኝታ የሌለበት እጁን ያውጣ።

ሚስቱ ይታይሽ ትባላለች። ልጅ አልወለዱም። ጎረቤቶቿ ውሃ ልትቀዳ በወረደች ቁጥር «ይታይሽ፣ ዘንድሮስ?» እያሉ ሆዷን ያያሉ። አንድ ቀን በክረምት መግቢያ ይታይሽ ውሃ ዳር ብትወርድ፣ ማዕበል ገፍቶት ደንገሉ ውስጥ የተሸጎጠ አፉ የታሰረ ስልቻ አገኘች። ፈታችው። ውስጡ ዓይናቸውን ከገለጡ ሳምንት ያልሞላቸው ቡችሎች ነበሩ። ሁሉም ሞተዋል። አንዲቷ ብቻ፣ ከላይ የነበረችው፣ ትተነፍሳለች። በነጠላዋ ጠቅልላ ቤት አስገባቻት፤ ጥጥ ወተት ውስጥ እየነከረች አጠባቻት።

ጎረቤቱ መጣና ከንፈሩን መጠጠ። «ልጅ ብታጣ ውሻ አዘለች» አለ። በዚያ አገር ታዲያ ለጎረቤት ፊት ለፊት የማይባል ነገር በውሻ ስም ይባላል። ይታይሽም ቡችላዋን «ምናገባችሁ» ብላ ሰየመቻት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ማታ በሯ ላይ ቆማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ምናገባችሁ! ነይ ብዪ!» ትላለች። መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ሆዷን የሚያይም ጠፋ።

ዓመታት አለፉና ይታይሽ ታማ አረፈች። ምናገባችሁ ያን ጊዜ ከታንኳው አፍንጫ ላይ መቀመጥ ጀመረች። ሽባባው ሲሻገር ትሻገራለች፤ ሲመለስ ትመለሳለች። ሲመለሱ ይታይሽ ቆማ ትጠብቃቸው የነበረችበት ድንጋይ ከሩቅ ይታያል። ምናገባችሁ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ድንጋዩን ታያለች። ሽባባውም ያያል። ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ነገም ያያሉ። የናፈቀ ዓይን መች ይመከራል!

ሌሎቹ ባለታንኮች እየዘፈኑ ነው የሚቀዝፉት። ሽባባው ግን አይዘፍንም። ዱሮ የሐይቁ ወፍ ሁሉ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ድምፅ ነበረው፤ ሰባት ዓመት ሆነው ከተወ። ለምን ቢሉት «ድምፄ ሄደ» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም።

አንድ ጠዋት ታንኳውን ሲፈታ ምናገባችሁን ቀና ብሎ አያት። በአፏ ዙሪያ ነጭ ጠጉር በቅሏል። እጁ ገመዱ ላይ ቀረ።

«ምናገባችሁ፣ ሸበትሽ እንዴ?»

«አንተ ቀድመኸኛል፣ አባዬ» አለችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሽባባው የፈራው ያንን ድንጋይ ብቻውን የሚያይበትን ቀን ነው። ይታይሽን የምታስታውስ ነፍስ በቤቱ የቀረችው አንዲት ናት፤ እሷም ሸበተች። ያን ቀን ሲቀዝፍ ዋለና ማታ ያልበላውን ምሳ በእራት ሰዓት እየበላ እንዲህ አላት፤

«አንድ ልጅ ብትወልጂልኝስ? አንዲት ብቻ። ዓይኗ ያንቺን የመሰለች።»

«አንድ ብቻ የወለደች ውሻ የት አየህ? ስድስት ነው፣ ሰባት ነው። አንዷን አንተ ወሰድክ። ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹንማ ሰው ይወስዳቸዋል!»

«የትኛው ሰው?»

«እጠይቃለኋ!» አለ ሽባባው። ለመጠየቅ ማን ብሎት!

በወሩ የማኅበሩ ቀን ደረሰ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ፣ ጽዋው ተነሥቶ፣ ጠላው ሞቅ ሲያደርግ፣ ሽባባው ቆሞ አንገቱን አቀረቀረ። «ወገኖቼ፣ ምናገባችሁን ላስወልዳት አስቤ ነበር። ቡችላ የሚወስድልኝ ይኖር ይሆን?» አለ።

«ለኔ አንድ!» አለ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው።

«ለኔ አንድ!» አለ አጠገቡ ያለው።

«ለኔ አንድ! ለኔም አንድ!» ተባለ ዙሪያውን። ማን ወንድ ነው ጽዋ ፊት እምቢ የሚል? አያ ጓንጉል የሚባለው ሀብታም ገበሬማ ከሁሉ ድምፁ ጎልቶ፣ «ለኔ ሁለት! ውሻ ለኔ ነፍሴ ነው!» አለ። ይህን ሲሰማ ሽባባው መሬት መሬት አየ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሥራ አንድ ሰው ቃል ገባ። ተራው እትዬ ጠጂቱ ጋ ደረሰ። እትዬ ጠጂቱ ምላሷ እንደ ቃሪያ የሚያቃጥል፣ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ዶሮ ያላት ሴት ናት።

«እኔ አልፈልግም» አለች።

ቤቱ ሁሉ ዞሮ አፈጠጠባት።

«ምን አፈጠጣችሁብኝ? ለዶሮዎቼ የምበትነው አጥቼ ደግሞ ቡችላ? አልችልም፤ አልችልም ነው!»

«ኧረ ጠጂቱ፣ በጽዋው ፊት!» አሉ ሴቶቹ። ሙሴው አማተበ። ያን ቀን እሷን ያላማ የለም።

ሽባባው እየሮጠ ቤቱ ገባ። «ምናገባችሁ! አሥራ አንድ ቤት አገኘሁልሽ!»

ውሻዋ ከእሳቱ ዳር ቀና አለች። «አሥራ አንድ አፍ ነው ያገኘኸው። ቤት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ቃል ገቡ እኮ!»

«እንግዲያው አሥራ አንድ ቅል ቁረጥ። ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስጥ። የአንድ ቡችላ ድርሻ በየቀኑ ቅሉ ውስጥ ያድርጉ፤ እኔ ከሰዓት በኋላ እየዞርኩ እበላላቸዋለሁ። ይህን ሦስት ወር ብቻ። ሦስት ወር ቅሉን የሞላ ሰው ቡችላውንም ያሳድጋል። ሦስት ወር ያልቻለ ግን አሥር ዓመት እንዴት ይችላል?»

ሽባባው ቅል ቆርጦ፣ ፍቆ፣ አሳምሮ አደለ። ሁሉም በሁለት እጁ ተቀበለው፤ ሳመው ማለት ይቀላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ምን ልበላችሁ! አሥራ አንዱም ቅል ሞልቶ ተትረፈረፈ። ንፍሮ፣ ቂጣ፣ የዓሣ ራስ፣ የተረፈ ወጥ። ምናገባችሁ ወፈረች፤ ታንኳው አፍንጫው ውሃ እየነካ ወደፊት ዘመመ። ሽባባው ደስታውን አልቻለውም። ማታ ማታ ለቡችሎቹ ስም ሲያወጣ ያመሻል።

በሦስተኛው ሳምንት ምናገባችሁ የአያ ጓንጉል ደጅ ደረሰች።

«ቅሉስ?» አለች።

«ቅሉማ ጠፍቶብን! ስንፈልገው ነው የዋልነው!» አለ ጓንጉል፤ ከኋላው ሚስቱ በዚያው ቅል ጠላ ትጠጣለች።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ምናገባችሁ ሄደች።

የሙሴው ደጅ ደረሰች። «ቅሉስ?»

«ቅሉማ ዶሮዋ እንቁላል ጣለችበት! ነፍስ ያለበት ነገር እንዴት እናስነሣ?»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ሄደች።

ሦስተኛው ደጅ። «ቅሉስ?» «ቅሉማ እርጎውን ከድነንበታል!» አራተኛው ደጅ። «ቅሉስ?» «ቅሉማ ልጆቹ ከበሮ አደረጉት!» አምስተኛው ደጅ ላይ ደግሞ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት በሩን ዘጉት። ሁለተኛው ወር ሲገባ ከአሥራ አንዱ አንድም የሞላ ቅል አልነበረም።

ሽባባው ይህን ሰማ። ድንገት ግን አንድ ነገር አስገረመው። «ቅሉ ሁሉ ባዶ ከሆነ ያ ውፍረትሽ ለምን አልቀነሰም?»

«ና ላሳይህ» አለችው።

ይዛው ወጣች፤ በእትዬ ጠጂቱ አጥር ጀርባ ዞረች። እዚያ አንድ ስባሪ ገል ተቀምጧል፤ ገሉ ላይ ትኩስ ጭብጦ አለ። ጠጂቱ ከውስጥ አየቻቸውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወጣች።

«አንተ ሽባባው! ውሻህን በየደጁ ስታስለምን ትንሽ አታፍርም?»

«እትዬ ጠጂቱ፣ አንቺ እኮ እምቢ ብለሽ...»

«እምቢ አልኩ! የማልችለውን አልችልም አልኩ! የነዚያ አፍ ሞልቶ ውሻዋ ባዶ ሆድ ስትዞር ሳይ ግን ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭብጦዬ እየቆረስኩላት ነው።» ድምጿ ረገብ አለ። «ሳየው ግን አንድ የምችል መሰለኝ። ሰማህ? አንድ! ሁለት ብትለኝ ይሄንን ገል ነው የምወረውርብህ።»

ከአዎ ባይ ከንፈር የእምቢ ባይ እጅ ይሻላል የተባለው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩ፤ አንድ የጠጂቱ፣ አንድ የሽባባው። ሁለት ቅል። ምናገባችሁ ጉዳዩ ያለቀ መስሏት ነበር። ናፍቆት ግን ቁጥር አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ጅቦ ወደ ሐይቁ ዳር ብቅ አለ። ሽባባው ታንኳውን ሲጠግን አገኘው። በአክብሮት ተቀመጠ፤ ሐዘንተኛ መሰለ።

«አያ ሽባባው፣ ችግርህን ሰማሁ፤ አንጀቴን በላኝ። ዘጠኝም ትውለድ አሥር፣ የተረፉትን በሙሉ እኔ አሳድጋለሁ። ዋሻዬ ሰፊ ነው። ቤተ ዘመድ እኮ ነን!»

«አንተ?» አለ ሽባባው።

«ምነው፣ እኔስ ሆድ የለኝም?» አለ ጅቦ። በሆድስ አይታማም። «ከማዶ ያለው መንደር አለቃ ውሻ አለው፤ ጥጃ ያክላል። ከሱ ብትወልድ አንበሳ የሚያባርር ልጅ ነው የምትወልድልህ። ዕድሜዋ እያለፈ ነው፤ አስብበት። ነገ እሷ ስትሞት ከታንኳህ አፍንጫ ላይ ማን ይቀመጣል?»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ሽባባውን ልቡ ላይ ወጋችው። ቤቱ ገብቶ አሥራ ሁለተኛ ቅል ቆረጠለት። አትፍረዱበት። የናፈቀ ሰው ለጅብም ቅል ይሰጣል።

ምናገባችሁ ስትሰማ አልተቆጣችም። «ለጅቦ ሦስት ወር አልለውም» አለች። «ሦስት ቀን ብቻ ይጠብቅ። ቋንጣ አድርግበትና እስክመጣ ድረስ ይያዝልኝ።»

አያ ጅቦ ቅሉን ከነቋንጣው ተቀብሎ ዋሻው ደጅ አስቀመጠና ጀርባውን ሰጥቶ ተኛ። የመጀመሪያውን ቀን ጥርሱን ነክሶ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ዞረ። «ማሽተት እኮ መብላት አይደለም» አለና አሸተተ። ትንሽ ቆይቶ «መላስም እኮ መብላት አይደለም» አለና ላሰ። «መንከስስ ቢሆን መዋጥ ነው እንዴ?» አለና ነከሰ። ከዚያ በኋላ የሚለው ነገር ስላለቀበት ዋጠ። ቋንጣው ሲያልቅ ቅሉ ገና ቋንጣ ቋንጣ ይሸታል። አፍንጫውን አስገባ፤ ገፋ አደረገ፤ ቅሉ አፉ ላይ ጥርቅም ብሎ ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ሽባባውና ምናገባችሁ መጡ።

«ቅሉስ?» አለች ምናገባችሁ።

«እምምም!» አለ አያ ጅቦ፤ በመዳፉ ቅሉን ይቧጥጣል። «እምምምም!»

«ሌሎቹ እንኳ ሰበብ አላቸው» አለች ምናገባችሁ። «አንተ በልተህ መልስም አጣህ።»

አያ ጅቦ ቅሉን እንዳጠለቀ ዛፍ እየገጨ ጫካ ገባ። አንተ ከወደኋላ ያለኸው፣ በጣም አትሳቅ፤ የሚያሳዝነው ገና ነው።

የገበያ ቀን ደረሰ። ሽባባው ጅቡን አይቷል፣ ቅሎቹን አይቷል፣ ሁሉን ያውቃል። ግን ልቡ እምቢ አለው። «ምናልባት ሁለት ብቻ ትወልድ ይሆናል» አለ ለራሱ። «ምናልባት።» ታንኳውን ወደ ማዶ፣ ወደ አለቃው ውሻ አዞረ። ምናገባችሁ አንድም ቃል ሳትናገር ከአፍንጫው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ከሁለቱ በቀር ታንኳው ላይ ማንም አልነበረም።

ሐይቁ መሀል ሲደርሱ፣ ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«አባዬ፣ እኔ ስንት እኅትና ወንድም ነበረኝ?»

መቅዘፊያው ከእጁ አምልጦ ታንኳው ላይ ወደቀ። ውሃው ጸጥ ያለ ነበር።

«ዘጠኝ ነበራችሁ» አለ ሽባባው። ሰባት ዓመት ጉሮሮው ውስጥ የተሰነቀረው ቃል ወጣ። «የጓንጉል ውሻ ነበረች የወለደቻችሁ። ያኔም በጽዋው ላይ ሁሉም ለኔ አንድ፣ ለኔ አንድ ብሎ ነበር። ስትወለዱ የመጣ ሰው የለም። ጓንጉል ስልቻ ይዞ መጣ። "እግረ መንገድህን መሀል ላይ ጣልልኝ" አለኝ። ምን እንዳለበት አውቄያለሁ። እምቢ ማለት ግን አቃተኝ። ስልቻው እግሬ ሥር ያለቅስ ነበር... እንዳልሰማ ብዬ...»

«ዘፈንክ» አለች ምናገባችሁ።

ሽባባው ቀና አለ።

«ስትዘፍን ሰምቼሃለሁ። ከውስጥ ሆኜ። ይታይሽ ቤት ስታስገባኝ "ምንድን ነው የያዝሽው?" አልክ፤ ያኔ ድምፅህን አወቅሁት።»

ሽባባው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ይህን ሁሉ ዓመት አውቀሽ? ታዲያ ለምን ጥለሽኝ አልሄድሽም?»

«አንድ ቀን ልሄድ ነበር። ግን ያን ማታ ቂጣህን ለሦስት ቆረስክ። በማግስቱም ለሦስት ቆረስክ። ይታይሽ ስትሞት ያለቀስክበት ቀን እንኳ፣ አንተ ሳትበላ ለኔ ቆርሰሃል። ሰባት ዓመት ቅልህ ጎድሎብኝ አያውቅም። ጣለኝ ያልኩትን ሰው ነው የወደድኩት፤ ምን ላድርግ?»

«ይታይሽስ... ይታይሽ ታውቅ ነበር?»

«ስልቻውን ማን እንደጣለው ጠይቃህ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያው ታውቅ ነበር።»

ሽባባው እንደ ልጅ አለቀሰ። ምናገባችሁ ከአፍንጫው ላይ ወርዳ ጭኑ ላይ ራሷን አሳረፈች።

«እኔስ ልጅ የማልመኝ መሰለህ? በየበጋው ገለባው ውስጥ ጎድጓዳ ስቆፍር ታየኝ የለም እንዴ? ለማን ይመስልሃል? በእንቅልፌ ሲጠቡኝ ይታየኛል። ስነቃ ጡቴን ያመኛል፤ አልነገርኩህም እንጂ። ግን የአለቃው ውሻ ጥጃ ያክላል፤ የኔ ወገብ ደግሞ የድመት ነው፤ ዕድሜዬም ገፍቷል። ልጆቹን ሳልወልድ ብሞትብህስ? እሺ፣ ተረፍኩ እንበል። ሰባት ነፍስ ለሁለት ቅል! አምስቱን ወዴት ታደርሳቸዋለህ፣ አባዬ? እግረ መንገድህን?»

ሽባባው እንባውን ጠረገ። ከዚያ መቅዘፊያውን አነሣና ታንኳውን ወደ ቤት አዞረ። ትንሽ እንደሄዱ አንድ ዝግ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሽባባው ይዘፍናል። ያንኑ የድሮውን ዘፈን ነበር፤ ድምፁ ዝጓል፣ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። ምናገባችሁ ጆሮዋን ወደ ኋላ አድርጋ እስከ ዳር ድረስ አዳመጠችው። ድንጋዩ ሲታይ ሁለቱም አዩት።

በዓመቱ፣ በገበያ ቀን፣ ታንኳው ሰው በሞላበት ሰዓት፣ አያ ጓንጉል ስልቻ ተሸክሞ ሐይቁ ዳር ደረሰ። ስልቻው ይንቀሳቀሳል። ዘንድሮም የጓንጉል ውሻ ወልዳለች። ይቺኛዋ ለምናገባችሁ የእናቷ ልጅ ናት።

«አያ ሽባባው፣ እግረ መንገድህን ይቺን...»

«እምቢ!» አለ ሽባባው።

ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። የሽባባውን እምቢታ ያን ቀን ነው ያገሩ ሰው የሰማው።

«ምን አልክ?» አለ ጓንጉል።

«እምቢ አልኩህ፣ አያ ጓንጉል። ሳታስወልዳት በፊት ማን ይወስዳል ብለሃል? ቅሉስ?»

ጓንጉል ግራ ቀኝ አየ። ባለፈው ዓመት ቅል የተቀበሉት ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ ሁሉም እግራቸውን ያያሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ አልፎ ስልቻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ውሃ ውስጥ እንዳይጥላቸው ባለታንኳው ሁሉ «እምቢ» ማለት ተማረ፤ ሜዳ ላይ እንዳይጥላቸው እትዬ ጠጂቱ ጠዋት ማታ አጥሩ ላይ ቆማ ትቆጥራቸዋለች። «አምስት! አሉ!» ትላለች፤ መንደሩ ይሰማል። ጓንጉልም ክረምቱን ሙሉ አምስት ቡችላ ሲቀልብ ከረመ። አንዷን፣ እንዳለችው፣ ጠጂቱ ወሰደች። ሁለተኛ አላስነካችም። ለቀሩት አራቱ ደግሞ ሰው ቅል ሞልቶ ሦስት ወር እየታየ ቀስ በቀስ ተገኘላቸው።

ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ቡችላ የፈለገ ሰው ቅሉን አስቀድሞ ከባለውሻው ደጅ ይሰቅላል። ቅል ያልተሰቀለለት ሰውም ውሻውን አያስወልድም።

ምናገባችሁ አራት ዓመት ጨምራ ኖረች። ልጅ አልወለደችም። በየበጋው ጎድጓዳዋን ቆፈረች፤ ሽባባውም በየበጋው ገለባ ጨመረላት፤ ስለዚህ ነገር ሁለቱም ቃል አልተነጋገሩም። አንድ ጠዋት ከማዶ ሲመለሱ፣ ታንኳው ሊጠጋ ሲል፣ ፊቷን ወደ ድንጋዩ እንዳደረገች አረፈች። ሽባባው ከድንጋዩ ሥር ቀበራት። ጎረቤቱ መጥቶ «ለውሻ እንዲህ ይለቀሳል?» አለ። ሽባባው ቀና ብሎ «ምናገባችሁ!» አለ፤ ስሟን መጥራቱ ይሁን መልስ መስጠቱ ራሱም አላወቀውም። ብቻ አለቀሰ።

ዓመት ሙሉ የታንኳው አፍንጫ ባዶ ሆኖ ቀዘፈ። በዓመቱ እትዬ ጠጂቱ ለውሻዋ አራት ቅል እንደፈለገች ተሰማ። ሽባባው አንድ ቅል ቆረጠ፤ ፍቆ አሳመረ፤ ሄዶ ደጇ ላይ ሰቀለ።

«አንተ ደግሞ!» አለች ጠጂቱ። «አንተን ማን ይፈትንሃል? ዝም ብለህ ውሰድ!»

«እንደ ሰው ሁሉ እጠብቃለሁ» አለ ሽባባው።

ዘጠና ቀን ሄደ፤ ገና ላልተፀነሰች ቡችላ ዘጠና ቀን ቂጣውን ቆረሰ። ዝናብም ቢዘንብ፣ ወገቡንም ቢያመው። አራቱም ቅል ሞልቶ ሲገኝ ጠጂቱ ውሻዋን አስወለደቻት። ሦስት ቡችላ ወለደች። አንዷን ለሽባባው ሰጠችው፤ የምናገባችሁ የእኅቷ የልጅ ልጅ መሆኗ ነው። ዓይኗ ግን አይመስልም።

ስሟን ታዲያ ማን አላት? «ቅሉስ» አላት። ማታ ማታ ሽባባው ደጁ ላይ ይቆምና፣ ተመልሶ በመጣው ድምፁ፣ «ቅሉስ! ቅሉስ! ነይ ብዪ!» ይላል። ያኔ በመንደሩ አሥራ አንድ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ጉርሻው አፉ ላይ ይቀራል።

ቅሉስ ከታንኳው አፍንጫ ላይ ትቀመጣለች። ድንጋዩን አታይም፤ ማንን አውቃ ታያለች? እንቁራሪት ነው የምታየው። ድንጋዩን የሚያየው ሽባባው ነው። አሁን ሁለት ሆነው ይጠብቁታል፤ ይታይሽ ቆማ፣ ምናገባችሁ ከእግሯ ሥር። እሱም እየዘፈነ ይቀዝፋል።

እኔም ታንኳዬን እዚህ አሰርኩ፤ እናንተም ውረዱ። ስትወርዱ ግን ይቺን ይዛችሁ ሂዱ፤

ለምኞት አፍ ይበቃል፤ ለነፍስ ግን ቅል ያሻል።